ባዶ የሚመስለው ካራቫን፦ የውሃ መስመሩን ለብርድ ወራት ስለ ማዘጋጀት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በኮሎራዶ ግዛት ኦሮራ ከተማ የሚኖሩ አንድ አባወራ ዘንድሮ 24 ጫማ የሚረዝም ያገለገለ ተጎታች ካራቫን ገዝተው የሙቀቱን ወራት ከልጆቻቸው ጋር ሲዝናኑበት ከርመዋል። አሁን ብርዱ መጣ። የሸጠላቸው ሰው «ታንከሩን አፍስሰው ይተዉት» ብሏቸዋል። ጎረቤታቸው «በኮምፕሬሰር አየር ይንፉበት፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም» ይላሉ። ሌላ ወዳጃቸው ደግሞ ስድስት ጋሎን ሮዝ አንቲፍሪዝ (መስመሩን ከብርድ የሚከላከል ፈሳሽ) ገዝተው እንዲሞሉበት መክሯቸዋል። እርሳቸው «ምናልባት ቢያስፈልገን» ብለው ታንከሩን እስከ አፉ ሞልተው አስቀምጠውታል። ከመኪናቸው የተረፈ አንቲፍሪዝ ጋራዥ ውስጥ ስላለ በእርሱ መጠቀም ይቻል እንደሆነም ጠይቀዋል። በተጨማሪም በኖቬምበር መጨረሻ ለታንክስጊቪንግ በዓል ካራቫኑን ይዘው መውጣት ይፈልጋሉ።

ምላሽ፦

ከመኪናው አንቲፍሪዝ ልጀምር። ሌላው ነገር ቢበላሽ የሚያስወጣዎት ገንዘብ ነው፤ ይህኛው ግን የሰው ሕይወት ያለበት ነው። ለመኪና የሚሸጠው አንቲፍሪዝ አብዛኛውን ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል የሚባለው ኬሚካል ነው። ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃንም ውሻም ሳይጠየፍ ይጠጣዋል፤ ኩላሊትን ከጥቅም ውጭ የሚያደርግ፣ በጥቂቱ የሚገድል መርዝ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ካራቫኑ የውሃ መስመር ከገባ ታጥቦ መውጣቱን በዓይንም በምላስም ማረጋገጥ አይችሉም። የጋራዡ ዕቃ እዚያው ጋራዥ ይቅር። ለእርስዎ የሚሆነው ከፕሮፒሊን ግላይኮል የተሠራውና ለካራቫንና ለጀልባ የመጠጥ ውሃ መስመር ተብሎ የሚሸጠው ነው። ቀለሙ ሮዝ ነው፤ ነገር ግን ቀለም ብቻ አይተው እንዳይገዙ አደራ። የቶዮታ መኪና ማቀዝቀዣ ፈሳሽም ሮዝ ነው፤ ቶዮታ ደግሞ ከየቤታችን አይጠፋም። በጀሪካኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ።

ታንከሩን ሞልተው ማስቀመጥዎ አልገረመኝም። አዲስ አበባ ውስጥ በፈረቃ ውሃ ያደገ ሰው የሞላ ታንከር አፍስስ ሲሉት እጁ አይታዘዝለትም። እዚህ ግን በመጨረሻ የምነግርዎትን ፍተሻ አድርገው ዛሬውኑ ይልቀቁት። ዴንቨርና አካባቢዋ የመጀመሪያው ውርጭ በአማካይ የሚጥለው በኦክቶበር መጀመሪያ ሳምንታት ነው፤ ካራቫኑን ተራራው ላይ ካቆሙት ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። ብርዱ ቀልድ እንዳይመስልዎት፦ በዲሴምበር 2022 ዴንቨር አየር ማረፊያ ላይ ከዜሮ በታች 24 ፋራናይት ተመዝግቧል፤ በሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 31 መሆኑ ነው። በአንድ ሌሊት ከዜሮ ሴንቲግሬድ ዝቅ ብሎ ጠዋት የሚመለስ ብርድ ብዙ ጊዜ ጉዳት ሳያደርስ ያልፋል። ለሰዓታት ከዜሮ በታች አምስትና ስድስት ሴንቲግሬድ ላይ ሲቆይ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ሥራውን እስኪጀምሩ ድረስ ሌሊት የካራቫኑን የክፍል ማሞቂያ ለኩሱት፣ የመታጠቢያዎቹን ቁም ሣጥን በሮች ከፍተው ሙቀቱ ወደ ቧንቧዎቹ እንዲደርስ ያድርጉ፣ የውጭውን የውሃ ጎማ ነቅለው ያፍስሱት። ይህ ግን የጥቂት ቀናት ማስታገሻ ነው።

ወደ ሦስቱ መካሪዎችዎ ስንመጣ፣ ሁሉም የእውነቱን ቁራጭ ይዘዋል። አንዳቸውም ያልነገሩዎት ነገር ቢኖር፣ ካራቫን የሚሰብረው በታንከሩ ያለው ብዙ ውሃ አለመሆኑን ነው። የሚሰብረው በየጥጉ ተደብቆ የሚቀረው ግማሽ ስኒ ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ሥራውን ያቀልልዎታል። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ግማሽ ድረስ ብቻ በተሞላ ታንከር ውስጥ ይህ ጭማሪ ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ ስላለው ብዙም ችግር አይፈጥርም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። በረዶው በመጀመሪያ ብርዱ በበረታበት አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ከወለሉ በታች በሚያልፈው ቧንቧ ላይ፣ እንደ ቡሽ ይደፍናል። ከዚያ እየሰፋ ሲሄድ ከፊቱ ያለውን ገና ያልቀዘቀዘ ውሃ ወደ ተዘጋው የቧንቧ አፍ ይገፋዋል። ውሃ ደግሞ ተጨምቆ አያንስም። በዚያች አጭር ክፍል ውስጥ ግፊቱ ይንርና ከሁሉ ደካማ የሆነው ነገር ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው ስንጥቁን በረዶው ካለበት ቦታ ሲፈልግ የሚውለው ይህን ስለማያውቅ ነው፤ የተሰበረው አንድ ሜትር ተኩል ርቆ መታጠቢያው ሥር ሊሆን ይችላል።

በዘመኑ ካራቫኖች የሚዘረጋው ቀይና ሰማያዊ የፕላስቲክ ቧንቧ ራሱ ተለጣጭ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይችለዋል። የማይችሉት ማገናኛዎቹ፣ የመክፈቻዎቹ አካል፣ የፓምፑ ራስ፣ የመጸዳጃው የውሃ ቫልቭና የማጣሪያው ቤት ናቸው። እነዚህ ሁሉ ደረቅ ፕላስቲክ ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ ሲፈስሱ እንኳን ጥቂት ውሃ በሆዳቸው ያስቀራሉ።

እንግዲህ ወደ ሥራው። በመጀመሪያ የእጣቢውንና የመጸዳጃውን ታንከር በቆሻሻ መድፊያ ጣቢያ አፍስሰው እጠቡ። ይህን ማስቀደም የሚያስፈልገው በኋላ የሚጨምሩት ሮዝ ፈሳሽ የሚወርደው ወደ እነርሱ ስለሆነ ነው፤ በቆሻሻ ውሃ ላይ ቢጨምሩት ቀጥኖ ከንቱ ይሆናል። ከዚያ የመጠጥ ውሃውን ታንከር ማፍሰሻ ክፈቱ። ፓምፑን አጥፉ፣ የውስጥ መክፈቻዎችን ሁሉ በሙቁም በቀዝቃዛውም በኩል ክፈቱ። ከካራቫኑ ሆድ ሥር ጎን ለጎን የወጡ ሁለት አጫጭር ቱቦዎች ይታዩዎታል፤ አንዱ የሙቅ፣ ሌላው የቀዝቃዛ ውሃ መስመር ከሁሉ ዝቅ የሚልበት ቦታ ነው። ሁለቱንም ክፈቱ። ፍሰቱ ሲያቆም አይቸኩሉ፦ የፊተኛውን ክሪክ ከፍና ዝቅ አድርገው ካራቫኑን ወደ ማፍሰሻዎቹ አቅጣጫ ቢያዘነብሉት «አለቀ» ካሉት በኋላ እንደገና ሲፈስ ያያሉ።

ቀጥሎ የውሃ ማሞቂያው ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ፤ ሰው የሚቃጠለውም፣ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ነው።

ማሞቂያውን፣ ጋዙንም ኤሌክትሪኩንም፣ ከአንድ ቀን በፊት ያጥፉ። በውስጡ ያለው ውሃ የሚያቃጥል ከመሆኑም በላይ በግፊት ላይ ነው። በማግስቱ ውሃው መቀዝቀዙን በእጅዎ ካረጋገጡ፣ ፓምፑም የውጭ ውሃውም መዘጋታቸውን ካዩ በኋላ ከውጭ በኩል የማሞቂያውን ክዳን ከፍተው የላይኛውን የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ምላስ ያንሱ። ፊሽ ብሎ ይተነፍሳል። ግፊቱ ሳይወጣ የታችኛውን ውታፍ የሚፈታ ሰው ውታፉንም ውሃውንም ደረቱ ላይ ይቀበላል። በዚህ ጊዜም ቢሆን ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ቆመው ይፍቱ።

ውታፉ ምን ዓይነት እንደሆነ በማሞቂያው ሥሪት ይወሰናል። ሰበርባን የሚባለው ማሞቂያ ገንዳው ከብረት ተሠርቶ ውስጡ በመስታወት መሰል ሽፋን የተቀባ ስለሆነ ከውታፉ ጋር አብሮ የተሠራ ረጅም ዘንግ አለው፤ አኖድ ይባላል። ለመፍታት 1 ከ1/16 ኢንች የሆነ ቡሶላ ያስፈልጋል፤ 27 ሚሊ ሜትሩም ይገባል። አትዉድ ይባል የነበረውና አሁን በዶሜቲክ ስም የሚሸጠው ደግሞ ገንዳው አሉሚኒየም ነው፤ አኖድ የለውም፣ ውታፉም ፕላስቲክ ነው። ያንን ፕላስቲክ በብረት ውታፍ ወይም በአኖድ እንዳይተኩት፤ ጥርሱን ያበላሻል።

አኖድ ካለው ሲያወጡት ጥሩ አድርገው ይመልከቱት። አዲስ ሲሆን የእጅ ጣት ውፍረት ያለው ለስላሳ ዘንግ ነው። አገልግሎት ሲሰጥ የቆየው እዚህ ጋ ተቦርቡሮ፣ እዚያ ጋ ቀጥኖ፣ አንዳንዴም መሐሉ ላይ ያለው ቀጭን የብረት ሽቦ ብቻ ቀርቶ ይወጣል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሥራው መበላት ነው። ውሃው የገንዳውን ብረት ከመብላቱ በፊት እርሱን ይበላል። ከአራት ሦስት እጁ ካለቀ አዲስ ይግዙ። ያገለገለ ካራቫን ስለገዙ የቀድሞው ባለቤት ይህንን ነገር አይቶት የማያውቅ ቢሆን አይገርመኝም። በክፍቱ ቀዳዳ በኩል ነጭ አሸዋ የመሰለ ዝቃጭም ይወጣል፤ በቀጭን ጎማ ውሃ እየረጩ ጥርት እስኪል ይጠቡት። ከዚያ ገንዳው ይንጠፍጠፍ። በውስጡ ሮዝ ፈሳሽ አይገባም፤ ባዶ ገንዳ ምንም የሚሰበር ነገር የለውም።

የወዳጅዎ ስድስት ጋሎን ከየት እንደመጣ አሁን ይገባዎታል። የብዙ ካራቫኖች ማሞቂያ በትክክል ስድስት ጋሎን፣ ወይም 23 ሊትር ያህል፣ ይይዛል። ባይፓሱን (ፈሳሹ የማሞቂያውን ገንዳ ዘልሎ እንዲያልፍ የሚያደርገውን መስመር) ሳያዞሩ ፈሳሹን በፓምፕ ከላኩት መስመሩ ከመድረሱ በፊት መጀመሪያ ገንዳውን ይሞላል፤ ገንዘብዎ ምንም በማያስፈልገው ቦታ ይቀመጣል፣ በጸደይም አጥቦ ማውጣቱ አሳር ነው። ባይፓሱ ከማሞቂያው ጀርባ በካራቫኑ ውስጥ በኩል፣ ብዙ ጊዜ አልጋ ሥር ወይም በአንድ ትንሽ የእንጨት ክዳን ኋላ ይገኛል። በአንዳንዱ አንድ፣ በአንዳንዱ ሁለት ወይም ሦስት ቫልቭ አለው። ሦስት ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ወደ ገንዳው የሚገባውና ከገንዳው የሚወጣው ይዘጋሉ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው የመሐለኛው ይከፈታል። የቫልቩ እጀታ ከቧንቧው ጋር ትይዩ ከሆነ ክፍት፣ ተሻግሮ ከቆመ ዝግ ነው። ባይፓስ ከሌለው መግጠሚያው በካራቫን ዕቃ መደብሮች ይሸጣል፤ ዋጋው ለሁለትና ለሦስት ዓመት ከሚያባክኑት ፈሳሽ ያንሳል።

አሁን ጎረቤትዎ የሚሉት የአየር ጉዳይ። አየር መንፋት ጥሩ ነው፤ እኔም ሁልጊዜ እነፋለሁ። ለብቻው ይበቃል በሚለው ግን አልስማማም፤ ቢያንስ ለኮሎራዶ ብርድ። አየሩ የሚገባው በውጭው የውሃ ማስገቢያ በኩል ነው። ፓምፑ ግን ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስበት የሚያግድ የራሱ ቫልቭ ስላለው ከዚያ አቅጣጫ የመጣ አየር በውስጡ አያልፍም። መስመሩን ሁሉ ጥርግ አድርገው ነፍተው ሲያበቁ የፓምፑ ራስ እንደ ነበረ ውሃውን ይዞ ተቀምጧል። በጸደይ ለጥገና ከሚመጡልኝ ካራቫኖች «በአየር አጽድቼው ነበር» ተብለው የሚመጡት ላይ መጀመሪያ የማየው ፓምፑን ነው፤ የራሱ ክዳን ከብሎን እስከ ብሎን በቀጭኑ ተሰንጥቆ አገኘዋለሁ። በቧንቧው የውስጥ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ውሃም አለ፤ አየሩ ካለፈ በኋላ ወርዶ ዝቅ ባለ እጥፋት ላይ ይጠራቀማል።

ስለዚህ አየሩን እንደ መጀመሪያ ዙር ይውሰዱት፤ ውሃውን በብዛት ያስወጣል፣ ሮዙም እንዳይቀጥን ይረዳል። ከውጭው ማስገቢያ ላይ የሚጠመድ ትንሽ የናስ ወይም የፕላስቲክ አያያዥ ይገዛሉ፤ ርካሽ ነው። የኮምፕሬሰሩን ግፊት ከ40 ፒ ኤስ አይ አያሳልፉ። የቤት ኮምፕሬሰር ከመቶ በላይ ሊያወጣ ይችላል፤ በዚያ ግፊት ከበረዶ ያተረፉትን ማገናኛ በአየር ይሰብሩታል። ማሞቂያው በባይፓስ ከተዘጋና የታችኛዎቹ ማፍሰሻዎች ተመልሰው ከተዘጉ በኋላ ከማስገቢያው ርቆ ካለው መክፈቻ ጀምረው አንድ በአንድ ይክፈቱ፤ ሲንተፋተፍ ቆይቶ ደረቅ አየር ሲሆን ዘግተው ወደሚቀጥለው ይሂዱ። አየሩ እየገባ ሁሉንም ዘግተው አይቆዩ። ለጎማ መንፊያ የሚሆነው ትንሽ የእጅ መሣሪያ ግፊት እንጂ የአየር ብዛት ስለሌለው ሥራውን ያታልልዎታል። በመጨረሻ ፓምፑን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ባዶውን አስነስተው ያጥፉት።

ከዚህ በኋላ ሮዙ ፈሳሽ። ለእርስዎ መጠን ካራቫን፣ ማሞቂያው ከተዘለለ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጋሎን ይበቃል። ሲገዙ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ አንዳንዱ ርካሽ ዓይነት አልኮል ያለበት ነው፤ ጎሚኒዎችን ያደርቃል፣ ተቀጣጣይም ነው። ልዩነቱ ጥቂት ዶላር ስለሆነ ንጹሕ ፕሮፒሊን ግላይኮሉን ይውሰዱ። ሁለተኛ፣ በጀሪካኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው «ከዜሮ በታች 50» በፋራናይት ነው፤ ያም ቢሆን ቧንቧ ከመፈንዳት የሚጠብቅበትን ልክ እንጂ የማይረጋበትን ልክ አይደለም የሚናገረው። ብርዱ እዚያ ልክ ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ እንደ እርጥብ በረዶ ይሆናል፤ ነገር ግን እየሰፋ ቧንቧ አይገፋም። ስለዚህ ጥር ላይ ሲፎኑ (ከመታጠቢያው ሥር ውሃ ይዞ የሚቀረው የታጠፈ ቱቦ) ውስጥ ድፍርስ ሮዝ በረዶ ቢያዩ አይደንግጡ። ይህ የሚሠራው ግን ሳይቀጠን ነው፤ ውሃ ጨምሮ ማብዛት አይቻልም።

ፈሳሹን በመጠጥ ውሃው ታንከር ውስጥ መጨመር የተለመደ ስሕተት ነው። ከታንከሩ ግርጌ ፓምፑ የማይደርስበት ውሃ ሁልጊዜ ይቀራል፤ ከእርሱ ጋር ተቀላቅሎ ይቀጥናል፣ የቀረውም እዚያው ይከርማል። ትክክለኛው መንገድ ከፓምፑ በፊት ባለው መስመር ላይ መምጠጫ ቱቦ ማያያዝ ነው። ብዙ ካራቫኖች ለዚሁ የተዘጋጀ ቫልቭና አጭር ቱቦ ከፓምፑ አጠገብ አላቸው፤ ከሌለ ከታንከሩ የሚመጣውን ቱቦ ከፓምፑ ላይ ፈትተው በምትኩ አንድ ቁራጭ ቱቦ ያስገቡና ጫፉን በጀሪካኑ ውስጥ ይንከሩት። ከፓምፑ አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት መጀመሪያ ፈትተው ይጠቡ፤ የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ሞልቷት ታገኟታላችሁ።

ፓምፑን አስነሡ። ለፓምፑ ቅርብ ከሆነው ጀምረው ቀዝቃዛውን፣ ከዚያ ሙቁን፣ እያንዳንዱን ይክፈቱ። መጀመሪያ አየር፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ደብዛዛ ሮዝ ይመጣል። ደብዛዛው ላይ አያቁሙ፤ ያ ገና ከውሃ ጋር የተቀላቀለው ነው። በጀሪካኑ ውስጥ ያለውን ቀለም እስኪመስል ይጠብቁና ይዝጉ። የእጅ መታጠቢያው፣ የወጥ ቤቱ፣ ሻወሩ (የሻወሩን ራስ አውርደው ያፍስሱት)፣ ከዚያ መጸዳጃው፦ ፔዳሉን ተጭነው ሮዝ እስኪሆን ይቆዩ፤ ሲያበቁም ጥቂት ፈሳሽ ሳህኑ ውስጥ ይተዉ፤ ጎሚኒው ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። በየሲፎኑ የወረደው በቂ ካልመሰለዎት አንድ ኩባያ ተጨማሪ ይጨምሩ። ከሻወሩ ሥር ያለው ሲፎን ከወለሉ በታች ስለሆነ ከሁሉ ቀድሞ የሚረጋው እርሱ ነው። በእጣቢውና በመጸዳጃው ታንከርም አንድ ሁለት ሊትር ይውረድ፤ የማፍሰሻው ቫልቭ ምላስ በረዶ ይዞት እንዳይሰበር ነው።

ሰው የሚረሳቸውን ቦታዎች ልንገርዎት፤ የጸደይ ጥገናዬ አብዛኛው ከእነዚህ የሚመጣ ነው። አንደኛው የውጭው ሻወር ነው። በትንሽ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ስለሚኖር መኖሩን ጨርሶ የማያውቅ ባለቤት አለ፤ እርስዎም ካራቫኑን ዞረው ይመልከቱ። ሙቅም ቀዝቃዛም መክፈቻ ስላለው ሁለቱም ሮዝ ይሁኑ። ሌላው የውጭው ውሃ ማስገቢያ ራሱ ነው፤ በውስጡ ካለችው ወንፊት ጀርባ ውሃ እንዳይመለስ የሚያግድ ትንሽ ቫልቭ አለ። ፓምፑን አጥፍተው አንድ መክፈቻ ከፍተው ግፊቱን ካስተነፈሱ በኋላ ወንፊቷን አውጥተው መሐሉን በቀስታ በእንጨት ይጫኑት፤ የቀረው ይንጠባጠባል። ግፊት እያለበት ከተጫኑት ጎሚኒው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። የውሃ ማጣሪያ ካለ ካርትሬጁን አውጥተው ይጣሉ፤ ቤቱን አፍስሰው ባዶውን መልሰው ያጥብቁት። የመጸዳጃውን ታንከር ከውጭ ለማጠብ የሚያገለግል ለብቻው የሆነ የጎማ መግጠሚያ ካለ በፓምፑ መስመር ላይ ስላልሆነ ሮዙ አይደርስበትም፤ እርሱን በአየር ብቻ ይንፉት። በረዶ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ወይም ልብስ ማጠቢያ ያለበት ካራቫን ከሆነ የአምራቹን መመሪያ ይከተሉ፤ ያለ ገንዳ የሚያሞቅ ዓይነት ማሞቂያ ካለውም እንዲሁ።

«ይህን ሁሉ ከማድረግ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ውስጡ ለኩሼ ብተወውስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ማንም በማይኖርበት ተሽከርካሪ ውስጥ ወራት ሙሉ የሚነድ ማሞቂያ የእሳት አደጋ ነው፤ በአንድ የበረዶ ማዕበል ሌሊት መብራት ቢጠፋ ደግሞ ከንቱ ነው።

ለታንክስጊቪንግ መውጣት የሚፈልጉትን በተመለከተ፣ ይውጡ፤ የውሃ መስመሩን ግን አይንኩ። ሥራውን አሁን ጨርሱና ካራቫኑን እንደ ደረቅ ቤት ተጠቀሙበት። የመጠጥና የማብሰያ ውሃ በጀሪካን ይዘው ይሂዱ፤ ሳህን በሳፋ ይጠቡ። መጸዳጃውን በውሃ ፋንታ አንድ ጀሪካን ሮዝ ፈሳሽ አጠገቡ አስቀምጠው በእርሱ ያውርዱ። ልጆች ግን ልጆች ናቸው፤ አንዱ መታጠቢያው ላይ ውሃ ሳይደፋ አይቀርም። ውሃ የገባበት ሲፎን ሮዙን አጥቧል ማለት ነውና ቤት ሲመለሱ በየሲፎኑ እንደገና አንድ ኩባያ ይጨምሩ፣ ታንከሮቹንም አፍስሱ።

በማሞቂያው ማስነሻ ላይ ወፍራም ፕላስተር ለጥፈው «ባዶ ነው» ብለው ይጻፉበት። ይህን የምለው ለጌጥ አይደለም። በጸደይ ገንዳው ሳይሞላ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ያስነሣ ሰው የውስጡን ሽቦ በጥቂት ሰከንዶች ያቃጥለዋል። የባይፓሱንም አቀማመጥ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ብርዱ ሲያልፍ ውታፉን ወይም አኖዱን በቴፍሎን ጠቅልለው ይመልሱ። መስመሩን በንጹሕ ውሃ እያንዳንዱ መክፈቻ ጠርቶ አረፋ እስከማይሠራ ድረስ ይጠቡት፤ ሮዙ የወረደው ወደ እጣቢው ታንከር ስለሆነ በመድፊያ ጣቢያ እንጂ በመንገድ ዳር ቦይ አይለቀቅም። ከዚያ ባይፓሱን መልሰው ገንዳውን ይሙሉ፤ በሙቁ መክፈቻ የሚመጣው ውሃ አየር ሳይቀላቀልበት ሲወርድ ሞልቷል ማለት ነው። ታንከሩንና መስመሩን በበረኪና ማጽዳትም አለብዎት፤ ለእያንዳንዱ 15 ጋሎን የታንከር መጠን ሽታ ያልተጨመረበት ተራ በረኪና ሩብ ኩባያ፣ በባልዲ ውሃ ቀጥኖ ይጨመርና ታንከሩ ይሞላል። በየመክፈቻው የበረኪና ሽታ እስኪመጣ ያፍስሱ፣ አራት ሰዓት ያህል ይተዉት፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ይጠቡት።

ሁሉም ከተሞላ በኋላ መክፈቻዎቹን ዘግተው ፓምፑን እንደበራ ይተዉትና ካራቫኑ ውስጥ ቁጭ ይበሉ። መስመሩ ጤነኛ ከሆነ ፓምፑ ግፊቱን ሞልቶ ዝም ይላል፤ ለአንድ ሰዓት ዝም ካለ ሥራዎ ተሳክቷል። ማንም ሳይከፍት በየጥቂት ደቂቃው ብር ብሎ የሚያቆም ከሆነ ግን የሆነ ቦታ ይፈስሳል። ፍለጋውን ከውጭው ሻወር ሳጥን ይጀምሩ፣ ቀጥሎ የመጸዳጃውን ጀርባ በደረቅ ሶፍት ይዳስሱ፣ ከዚያ የፓምፑን ራስ፣ ከዚያ የማጣሪያውን ቤት። ዘንድሮ ታንከሩ ሞልቶ ውርጭ አሳልፎ ስለነበር ይህንኑ ፍተሻ አሁን፣ ውሃውን ከመልቀቅዎ በፊት አንድ ጊዜ ቢያደርጉት ይሻላል፤ የተሰነጠቀ ነገር ካለ በሮዝ ፈሳሽ ሳይሆን በውሃ ቢታወቅ ርካሽ ነው።